መጥበሻ የለበሰው ተዋጊ
ተከታታይ እውነተኛ ታሪክ

ክፍል አንድ፦ ቤት ሊያጸዳ የተነሣው ሰው

ማርክ ቶርፕ በ1992 ያሰበው የኤሌክትሪክ ምንጣፍ መጥረጊያውን በሪሞት እየነዳ ቤቱን ማጽዳት ነበር። (የውጭውን ታሪክ ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ለዚህ የሚሆን እጅ ነበረው። ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ በሚገኘው የጆርጅ ሉካስ የፊልም ኩባንያ ለዓመታት ሞዴል ሠሪ ሆኖ ሠርቷል። በሲኒማ የምናያቸው የጠፈር መርከቦችና ጭራቆች እንደ እሱ ባሉ ሰዎች ጠረጴዛ ላይ፣ በሙጫና በመጋዝ የተወለዱ ናቸው። መጥረጊያው ግን አልሆነለትም። አቧራው ባለበት ቀረ፤ ቶርፕ ደግሞ ሌላ ሐሳብ ያዘው። በሪሞት የሚሄድ ማሽን ላይ መጋዝ ቢገጠምበትስ? እንደሱ ያለ ሌላ ማሽን መጥቶ ፊት ለፊቱ ቢቆምስ?

ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1994 ነሐሴ ወር፣ ይህ ሐሳብ ሳን ፍራንሲስኮ ባሕር ዳርቻ ላይ ፎርት ሜሰን በሚባል ቦታ ሥጋ ለበሰ። ፎርት ሜሰን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ወታደሮች ወደ ፓስፊክ ግንባር የሚሳፈሩበት የጦር ወደብ ነበር፤ በኋላ የሥነ ጥበብ ማዕከል ሆኗል። ወታደር ይጫንበት ወደነበረው አዳራሽ ሰዎች ጋራዣቸው ውስጥ የሠሩትን ማሽን እየገፉ ገቡ። ሕጉ አጭር ነው። ማሽኖቹ በክብደት ይመደባሉ፤ ሠሪው ከአጥር ውጪ ቆሞ በሪሞት ይነዳል፤ መንቀሳቀስ ያቃተው ተሸነፈ። ቶርፕ ውድድሩን «ሮቦት ዋርስ» አለው።

ይህን ታሪክ ከአዴት የምጽፈው በምክንያት ነው። ከባሕር ዳር በሞጣ መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ የሚገኘው ከተማችን የሚታወቀው በጤፉና በግብርና ምርምር ማዕከሉ ነው። እኔ ግን ለእንግዳ ቀድሜ የማሳየው የብየዳ ቤቶቹን ነው። የተሰበረ የጋሪ አክስል የሚቀጥሉ፣ ለባጃጅ መከላከያ የሚሠሩ፣ የወፍጮ ቺንጋ የሚቀይሩ፣ ከሞተ የውኃ ፓምፕ ሞተር ሌላ ነገር የሚያወጡ ልጆች እዚያ አሉ። ፍኖተ ሰላምም ቡሬም ቢኬድ እንደነሱ ያለ አይጠፋም። ቶርፕ በሩን የከፈተው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው። ዲግሪ አልጠየቀም፤ ሠርተህ አምጣ አለ እንጂ።

በማግሥቱ ዓመት፣ በ1995፣ አንድ የገበሬ ልጅ ሠርቶ መጣ።

ጄሚ ሃይነማን ኢንዲያና በምትባለው የአሜሪካ ግዛት የፖም እርሻ ላይ ነው ያደገው። በዩኒቨርሲቲ ሩሲያኛ ተማረ፤ ካሪቢያን ባሕር ላይ የጀልባ ካፒቴን ሆነ፤ ከዚያ ሳን ፍራንሲስኮ ገብቶ ለፊልምና ለማስታወቂያ የሚሆኑ ማሽኖችን መሥራት ጀመረ። የሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ማሽን መጋዝ፣ መዶሻ፣ ምሳር ወይም ሹል ብረት ይይዛል፤ ገላውን ደግሞ በላሜራ ይከልላል። መሣሪያው ሌላ፣ ጋሻው ሌላ። ሃይነማን ጋሻውን ራሱን መሣሪያ አደረገው።

ቻይናዎች የሚጠብሱበትን ጎድጓዳ የብረት መጥበሻ፣ ያውም ትልቁን፣ ገልብጦ ማሽኑ ላይ ደፋው። የአዴት እናቶች ቢያዩት አክንባሎ ነው የሚሉት። ከሥሩ የሣር ማጨጃ ሞተር አስቀመጠ፤ የሞተሩም ሥራ መጥበሻውን ማሽከርከር ሆነ። በጠርዙ ላይ የብረት ጥርስ ገጠመለት። የኤሌክትሮኒክስ ሥራውን አዳም ሳቬጅ የሚባል ባልደረባው አገዘው። ሁለቱ ሰዎች ከ2003 ጀምሮ «ሚዝበስተርስ» በተባለው የቴሌቪዥን ፕሮግራም ዓለም ያወቃቸው ናቸው፤ ያኔ ግን የሚያውቃቸው የሙያ ጓደኛ ብቻ ነው። ማሽኑን ብሌንዶ አሉት።

ብሌንዶ ሜዳ ገባ። ሞተሩ ተነሣ፤ መጥበሻው መጀመሪያ በቀስታ፣ ከዚያ እየፈጠነ፣ ኋላም ጥርሶቹ ለዓይን እስኪጠፉ ዞረ። ተጋጣሚው ከወዲያ ጥግ ተነሥቶ መጣበት። በሜዳውና በተመልካቹ መካከል የቆመው አጥር የተሠራው መዶሻና መጋዝ ይዞ ለሚገባ ማሽን ነው። እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። ከአጥሩ ወዲህ ሕዝቡ ተቀምጧል።

ሳምንት ይቀጥላል።

ክፍል ሁለት፦ ከአጥሩ በላይ

ባለፈው ሳምንት ብሌንዶን መጥበሻው እየዞረ፣ ተጋጣሚው እየቀረበው ነበር የተውነው።

ተነካኩ። ከተጋጣሚው ገላ የተገነጠለ ብረት ተስፈንጥሮ ተነሣና አጥሩን አልፎ ወጣ። ማሽን ከማሽን ሊዋጋ በመጣበት ቦታ የብረት ቁራጭ ወደ ሰው መብረር ጀመረ።

ይህን ስነግራቸው ዕድሜያቸውን በብረት ላይ ያሳለፉ አንድ የአዴት በያጅ ስለ ጥርሱም ስለ መጥበሻውም አልጠየቁኝም።

«ሞተሩ ስንት ፈረስ ነው አልኸኝ?»

«አምስት ነው ጋሼ።»

«አምስት ፈረስ ወፍጮ እንኳ በቅጡ አያዞርም! ይህን ሁሉ ብረት በምን ጉልበቱ ይወረውረዋል?»

«ጉልበቱን በአንዴ አይሰጥም እኮ ጋሼ፤ መጥበሻው እስኪፈጥን ድረስ ቀስ እያለ…»

«ቆይ፣ ቆይ» አሉና መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። «ቮላኖ ነዋ! መጥበሻው ራሱ ቮላኖ ሆኖለታላ።»

ነገሩ ይኸው ነው። በወፍጮ ቤት ሞተር ጎን የሚዞረው ከባድ ጎማ ሥራው ጉልበት ማጠራቀም ነው፤ ሞተሩ ቢያንገራግርም ጎማው በያዘው ኃይል ዙሩን ያስቀጥላል። የሃይነማን መጥበሻም ያንኑ ይሠራል። አምስቱ ፈረስ ለብዙ ሰከንድ ያቀበሉትን ጉልበት ይዞ ይቆይና፣ ጥርሱ ሌላ ብረት ሲያገኝ በአንድ ቅጽበት ይለቀዋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የሚያጠራቅመው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ከባድ ሞተር መግዛት የማይችል ሰው በትዕግሥት ጉልበት ማከማቸት ይችላል ማለት ነው። የሚዞረው ብረት ክብደቱ ወደ ጠርዙ ሲበዛ ደግሞ የበለጠ ይይዛል። ይህን ጋሼ ሳልነግራቸው ነው የጨመሩልኝ።

ዋጋም አለው። የመታ ማሽን በመታው ልክ ራሱም ይመታል፤ የሚሽከረከር መሣሪያ የያዘ ተዋጊ ብዙ ጊዜ የሚሸነፈው የራሱ ምት መልሶ የውስጥ ዕቃውን ሲያራግፍበት ነው። ባትሪው ከማሰሪያው ይወጣል፣ ሽቦው ይላቀቃል፣ ሰንሰለቱ ይወድቃል። ስለዚህ በዚህ ሙያ የሚከበረው ከጥርሱ ይልቅ የውስጡ አሠራር ነው። ከሃይነማን በኋላ የመጡት ይህን አጥብቀው ተምረዋል። ሬይ ቢሊንግስ የሠራው ቱምስቶን ከ30 ኪሎ በላይ የሚመዝን የብረት ዘንግ እያሽከረከረ በ2016 የአሜሪካ ሻምፒዮን ሆኗል። ቱምስቶን የብሌንዶ የልጅ ልጅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ወደ ፎርት ሜሰን እንመለስ። አዘጋጆቹ ብሌንዶን ከሁለት ግጥሚያ በላይ አላቆዩትም። ሁለቱንም ራሳቸው አስቆሙት፤ ለተመልካች አደገኛ ነው፣ ለኢንሹራንስም አይመችም አሉ። አሁን ሠሪውን ምን ያድርጉት? ሕግ አልጣሰም። የሠራው ነገር ከተጠበቀው በላይ ስለሠራ ብቻ ሊያባርሩት ነው። መላ መቱና የጋራ ሻምፒዮን ብለው ሰየሙት፤ በምትኩ ከውድድሩ እንዲወጣ ጠየቁት። ሃይነማን ተስማማ።

ታሪኩን እዚህ ላይ ለጥቂት ላቁመው። የፈሩትን ነገር የሠራ ሰው አክብረው ሸኙት። እኛ ዘንድ ብረት የሚያግል፣ ማረሻ የሚስል፣ ማጭድ የሚያወጣ ሰው ዕጣው ሌላ ነበር። ቀጥቃጭ ተብሎ ተሰድቧል፤ ቡዳ ነው ተብሎ ልጁ ለጋብቻ ሳይፈለግ ቀርቷል፤ ከጎረቤት ማዕድ ተገልሏል። ያለ እሱ እጅ ግን አንድም የጎጃም ገበሬ በሬ ጠምዶ ባልወጣ። ዐፄ ምኒልክ ጥር 1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መሳደብ ከለከሉ። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ ግን ከየጓዳው ተጠራርጎ አልወጣም። ዛሬም እጁ ብረት የሚወድ ልጅ ሲገኝ «ተማር እንጂ፣ ምነው ከሰል ለከሰል ትላለህ» የሚባልበት ቤት አለ። ያ ልጅ የሚያውቀው ነገር እውቀት ነው። ጋሼ ቮላኖውን በሁለት ቃል የለዩበት ዓይን ትምህርት ቤት ውስጥ ቢሆን ማርክ ያሰጣል። ያልተከበረ እጅ ደግሞ የሚያውቀውን ለልጁ አያወርስም፤ ይህ ነው የሚያንገበግበኝ።

የብሌንዶ ነገር አጥሩን አስለወጠ። ዛሬ በአሜሪካ ትልቁ ውድድር የሚካሄድበት ሣጥን ወርዱም ርዝመቱም 15 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ዙሪያው ጥይት በሚመክት ወፍራም ፖሊካርቦኔት የታጠረ ነው። ተዋጊዎቹም 250 ፓውንድ፣ ማለትም ከአንድ ኩንታል 13 ኪሎ ያህል አልፈው ይመዝናሉ። ሕዝቡ ከመስተዋቱ ኋላ ያለ ሥጋት ይጮኻል።

ለማርክ ቶርፕ ግን የሚመክትለት አጥር አልነበረም። ውድድሩን ለማሳደግ ገንዘብ ሲያስፈልገው ኒውዮርክ ከሚገኝ ፕሮፋይል ሬከርድስ ከተባለ የሙዚቃ ኩባንያ ጋር ሽርክና ገብቶ ነበር። ሕዝቡ ሲበዛ፣ ካሜራ ሲመጣ፣ የባሕር ማዶ ቴሌቪዥን ዋጋ ሲጠይቅ ሸሪኮቹ ዓይን ለዓይን መተያየት ተሳናቸው። ጨዋታው የማን ነው? ስሙስ? በቴሌቪዥን የማሳየቱ መብትስ? ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት አመራ። ሜዳውን የፈጠረው ሰው በገዛ ሜዳው በር ላይ ሊከለከል ነው።

ሳምንት ይቀጥላል።

ክፍል ሦስት፦ የኮርንዎል ተማሪዎች

ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። መጨረሻው ለቶርፕ መራራ ነበር፤ ከፈጠረው ውድድር ወጣ። ፓርኪንሰን የተባለው እጅ የሚያንቀጠቅጥ በሽታም ያዘው። በእጁ ለኖረ ሰው ከዚህ የከፋ ምን አለ? በ2023 አረፈ። ስሙን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸውና እኔ እዚህ ላይ በክብር እጽፈዋለሁ።

ጨዋታው ግን በሁለት ጅረት ወረደ። አንደኛው አሜሪካ ቀረ። ላ ማሺን በተባለ ማሽን ፎርት ሜሰን ላይ ድል ያደረጉ ትሬይ ሮስኪና ግሬግ ማንሰን የሚባሉ የአጎትና የአክስት ልጆች በ1999 «ባትልቦትስ» የተባለ የራሳቸውን ውድድር ሎንግ ቢች ላይ ጀመሩ። በ2000 ኮሜዲ ሴንትራል ቴሌቪዥን ገባ፣ በ2002 ተቋረጠ፣ በ2015 ደግሞ በኤቢሲ ተመለሰ። የዚያ ዓመት ሻምፒዮን የፖል ቬንቲሚሊያ ባይት ፎርስ ነው፤ በ2018 እና በ2019ም ደግሞታል።

የእኔን ልብ የሚስበው ሁለተኛው ጅረት ነው። እሱ ወደ እንግሊዝ ሄደ። የቢቢሲ ሁለተኛ ጣቢያ በየካቲት 1998 ሮቦት ዋርስን ማሳየት ጀመረ። እንግሊዞቹ አንድ ነገር ጨመሩበት። ተወዳዳሪዎቹ እርስ በርስ ከመዋጋታቸው ሌላ፣ አዘጋጆቹ ራሳቸው ያቆሟቸው የቤት ሮቦቶች ይጠብቋቸዋል። ማቲልዳ፣ ሻንት፣ ዴድ ሜታል እና ሳርጀንት ባሽ ይባላሉ። አንዱ መጋዝ አለው፣ አንዱ ምሳር፣ አንዱ እሳት ይተፋል። ክብደታቸውም ለተወዳዳሪ ከተፈቀደው በላይ ነው። ደካማ ማሽን ጥግ ላይ ካገኙ አይምሩም።

የመጀመሪያው ዙር ተወዳዳሪዎች 36 ናቸው፤ በስድስት ምድብ ተከፈሉ። መሐንዲስ አለ፣ የጋራዥ ባለሙያ አለ፣ ቅዳሜና እሑድ ብረት የሚጠግን ሠራተኛ አለ። ከመካከላቸው አንዱ ቡድን የመጣው ከእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ኮርንዎል ከሚባል የገጠርና የባሕር አገር፣ ቦድሚን ከምትባል ትንሽ ከተማ ነው። የሕዝብ ትምህርት ቤት ተማሪዎችና መምህራን ናቸው። ማሽናቸውን ሮድብሎክ ብለውታል።

ሮድብሎክ ሽብልቅ ነው። ክብ መጋዝ ቢኖረውም ዋና ጉልበቱ ቅርጹ ነው። ከፊት መሬት የሚልስ ስስ ጠርዝ፣ ወደ ኋላ እየወፈረ የሚሄድ ገላ። በዚህ ጨዋታ ዝቅ ብሎ የገባ ያሸንፋል። ሽብልቁ ከተጋጣሚው ሥር ሲገባ የዚያኛው ጎማ ከመሬት ይነሣል፤ ጎማው የተነሣ ማሽን ደግሞ መቶ ፈረስ ቢኖረው አየር ከመቅዘፍ በቀር የሚያደርገው የለም። ላ ማሺንም ያሸነፈው በዚሁ ነበር። ውድ መሣሪያ ለመግዛት አቅም የሌለው ቡድን በሽብልቅና በጥሩ ነጂ ትልቁን ይገለብጣል።

ሮቦት ከእኛ ሩቅ ነው የሚል አንባቢ ይኖራል። ሩቅስ አይደለም። በጌትነት አሰፋ የሚመራው፣ በፈረንጅ 2013 አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው አይኮግ ላብስ የሆንግ ኮንጉ ሃንሰን ኩባንያ ለሠራት፣ ሶፊያ ለተባለችው ሮቦት የሚሆን ሶፍትዌር ላይ ኢትዮጵያውያን ወጣቶችን አሰልፏል። ሶፊያ በፈረንጅ 2018 ክረምት መግቢያ ላይ አዲስ አበባ ስትመጣ የአካሏ ክፍሎች ያሉበት ሻንጣ ፍራንክፈርት ላይ ጠፍቶ የጋዜጠኞች መርሐ ግብሯ ተስተጓጉሎ ነበር። ኋላ አማርኛ ተናግራለች። አእምሮዋን በማዘጋጀቱ ሥራ ልጆቻችን ነበሩበት፤ ሻንጣ ውስጥ የጠፋው ግን ከውጭ የመጣው ገላ ነው። እኔ ደግሞ ገላውንም የሚሠሩ እጆች አሉን እላለሁ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ከአዴት የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ፕሮግራም የሚጽፈው ተማሪና ላሜራ የሚቆርጠው በያጅ ባንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚቀመጡበት ቀን ሊመጣ ይገባል፤ ቦድሚን ላይ መምህርና ተማሪ ባንድ ማሽን ዙሪያ እንደተቀመጡት።

ስለ ውጊያው ራሱ የሚጨነቅ ሰውም አይጠፋም፤ ልክም ነው። ለዚህ መልስ የሚሆነኝ የእንግሊዙ ውድድር ዋና ዳኛ የነበረው ኖኤል ሻርኪ ነው። በሸፊልድ ዩኒቨርሲቲ የሮቦትና የሰው ሠራሽ አእምሮ ፕሮፌሰር ነበር። በቴሌቪዥን ማሽን ከማሽን ሲዋጋ ነጥብ ይሰጥ የነበረው ይኸው ሰው፣ ያለ ሰው ውሳኔ ሰው የሚገድሉ የጦር መሣሪያዎች እንዲታገዱ በዓለም አደባባይ የሚሟገት ሆኗል። በ2009 ለዚሁ ዓላማ የሚሠራ ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ከመሠረቱት አንዱ ነው። በሜዳው ውስጥ የሚጎዳው ብረት ነው፤ ሪሞቱን የያዘ ሰው አለ፤ ግጥሚያው ሲያልቅ ተሸናፊው ዕቃውን ለቅሞ እንደገና ይበይዳል። ሻርኪ ይህን ልዩነት ከማንም በላይ በቅርበት አይቷል፤ ለዚህም ነው ድምፁን የማምነው።

አሁን ወደ ሜዳው። በየምድቡ ስድስት ስድስት ማሽን ገብቶ አንድ አንድ ብቻ ወጣ። ሠላሳዎቹ ወደ ቤታቸው ተሸኙ። ሮድብሎክ በምድቡ የገጠመውን ሁሉ አልፎ ከስድስቱ አንዱ ሆነ። የትምህርት ቤት ልጆች የሠሩት ማሽን ለእንግሊዝ የመጀመሪያ ሻምፒዮንነት ሊፎካከር ቀረበ።

አምስቱ ተፎካካሪዎች ቦዲሃመር፣ ሪሳይክሎፕስ፣ ሮቦት ዘ ብሩስ፣ ትሬሲ እና ከኒንግ ፕላን ናቸው። እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ማሽን አስቀርተው የመጡ ናቸው፤ እዚህ የደረሰ ደካማ የለም። የቤት ሮቦቶቹ በየጥጋቸው ቆመዋል። ጆናታን ፒርስ ግጥሚያውን ሊያሰማ ማይክሮፎኑ ፊት ነው። የሮድብሎክ ነጂ ሪሞቱን ይዟል፤ ሽብልቁ መሬቱን ነክቷል። የሚቀረው ጥያቄ አንድ ነው፤ ማን ከማን ሥር ይገባል?

መነሻው ተሰጠ። ስድስቱም በአንድ ጊዜ ተንቀሳቀሱ።

ሳምንት ይቀጥላል።